ልጄ ማንበብ አቃተው፣ የት ላስመርምረው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች

«ቲቸር፣ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ዛሬም በ እና ቡ ይምታታበታል። የት ወስጄ ላስመርምረው?»

ይህን ጥያቄ ባጃጅ ውስጥ፣ ሱቅ ደጃፍ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እጠየቃለሁ። ደሴ ውስጥ የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ፤ ከኮምቦልቻ የሚደውሉ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። ለእያንዳንዱ በቃል ስመልስ አንዱን እርምጃ ስለምዘለው በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

አስቀድማችሁ አንድ ነገር ያዙ። ልጁ ጠዋት ገብቶ ተፈትኖ ከሰዓት ውጤቱን ይዞ የሚወጣበት ቦታ የለም። የመማር ችግር በደም ምርመራ አይገኝም፣ በራጅም በሲቲ ስካንም አይታይም። የሚታወቀው ከቤት፣ ከክፍልና ከጤና ባለሙያ የተሰበሰበ ማስረጃ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲታይ ነው። ስለዚህ የእናንተ ሥራ ማስረጃ መሰብሰብና በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ቢሆን ይመረጣል። መስከረም ላይ መምህሩ ገና የልጆቹን ስም እየያዘ ነው። ከግንቦት በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ፈተናና ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ) ላይ ስለሚሆን ማመልከቻችሁ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ አንድ። መመዝገቢያችሁ ነው። በብጣሽ ወረቀት የተያዘ ማስታወሻ ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል።
• ወረቀቱ ሁሉ የሚገባበት ክላሰር።
• ያለፉት ሁለት ዓመታት የውጤት ካርዶች፣ ከነኮፒያቸው።
• የልጁ የአማርኛ፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደብተሮች። የተሰረዘበትን፣ የተጨማለቀውንና ሳይጨርስ የተወውን ገጽ አትቅደዱ፤ እኛ ማየት የምንፈልገው እሱን ነው።
• የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጅ መታወቂያ ኮፒ።
• የጤና መድን አባል ከሆናችሁ የታደሰ መታወቂያ።
• ድምፅና ቪዲዮ የሚቀዳ ስልክ።
• አንድ የካርቶን ሣጥን፣ ከሱቅ በነፃ የሚገኘው። ፊደል ይጻፍበታል።

ደረጃ 1፦ ሁለት ሳምንት መዝግቡ

መምህሩም ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «ምን ያቅተዋል? ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ነው። «አይገባውም» የሚል መልስ ምንም አይነግረንም። እንዲህ የሚል ግን ብዙ ይነግረናል፦ «ሰኞ ማታ፦ የቤት ሥራ ጀምሮ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ተነሳ። ገበሬ የሚለውን ገባሪ ብሎ አነበበ። ገበሬ ምን ይሠራል ስለው በትክክል መለሰ።» ቀን፣ ሥራው ምን እንደነበር፣ ልጁ በትክክል ምን እንዳለ ወይም እንደጻፈ፣ ምን ያህል እንደቆየ፤ ይህ ይበቃል። «ሰነፈ»፣ «አሾፈ» የሚል ፍርድ አትጻፉ፤ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አራት ቀላል ነገሮችን ቤት ሞክሩ። አብሽሩ፣ ሙያ አይጠይቁም።

ሀ. ካርቶኑን ቆራርጣችሁ 20 ፊደል ጻፉበት፣ በውዙት፣ አንድ በአንድ አሳዩት። ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ መዝለቅ ማንበብ አይደለም። ብዙ ልጅ ገበታውን በቃሉ ይዞ ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። የኔታ አቡጊዳን የሚያስነብቡት ለዚሁ ነው፦ «አ ቡ ጊ ዳ» ሲመጣ የለመደው ዜማ ይሰበርና ፊደሉን የለየው በቃሉ ከሸመደደው ይለያል። የሳታቸውን ፊደሎች ጻፉ። የሚስተው የአንድ ቤት ፊደሎችን (በ፣ ቡ፣ ቢ) ነው ወይስ በመልክ የሚቀራረቡትን (ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ)? መፍትሔው የተለያየ ስለሆነ መለየቱ ይጠቅመናል።

ለ. በአፍ ብቻ፣ ያለ ወረቀት፦ «ሰላም ከሚለው ላይ ሰ ን ብናወጣ ምን ይቀራል?» ላም። «ገበሬ ላይ ገ ን ብናወጣስ?» በሬ። ቃልን በድምፅ መበተን ያልቻለ ልጅ ፊደል ሲያይም መገጣጠም ይቸግረዋል። ይህን ስትሞክሩ ጨዋታ ይሁን፤ ታናሹ ቀድሞ እንዳይመልስበት ለብቻው አድርጉት።

ሐ. ካለፈው ዓመት የአማርኛ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ለ1 ደቂቃ አስነብቡትና በስልክ ቅዱት። ከዚያ እናንተ ሌላ አንቀጽ አንብቡለትና ጥያቄ ጠይቁት። ሲነበብለት ገብቶት፣ ራሱ ሲያነብ ግን ከጠፋበት ችግሩ ያለው ንባቡ ላይ ነው። ሲነበብለትም ካልገባው ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ቋንቋ፣ ጆሮ፣ ትኩረት ወይም አጠቃላይ የመረዳት አቅም ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ሙከራዎች ለእኔ የሚጠቅመኝ ይህኛው ነው፤ ግን ወላጅ አዘውትሮ የሚዘለውም እሱን ነው።

መ. ሱቅ ላኩት። 50 ብር ይዞ የ35 ብር ዕቃ ከገዛ መልሱ ስንት እንደሆነ ከመሄዱ በፊት ይንገራችሁ። ወረቀት ላይ መቀነስ አቅቶት የሱቅ መልስ የማይሳሳት ልጅ ሞልቷል፤ እሱን የሚያስቸግረው የሒሳቡ አጻጻፍ እንጂ ሒሳቡ አይደለም።

ተጠንቀቁ፦ ስሕተት ያልሆነውን ስሕተት አትበሉ። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ልጁ «ዋና» የሚለውን ጠበቅ ማድረግ ሲገባው አላልቶ ቢያነበው፣ ወይም «ገና» ላይ ቢንገዳገድ፣ ጤነኛ ጀማሪ አንባቢ የሚያደርገው ነው።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። አንደኛው የቤት ቋንቋ ነው። በተለይ ኮምቦልቻ አካባቢ ቤቱ ኦሮምኛ፣ ጎረቤቱ አማርኛ የሆነ ልጅ ብዙ ነው፤ አፋርኛ ወይም ትግርኛ ይዞ የመጣም አለ። አማርኛውን ገና እየለመደ ያለ ልጅ «የመማር ችግር አለበት» እንዳይባል ይህ መታወቅ አለበት። ሁለተኛው ያመለጠው ትምህርት ነው። በ2012 በኮሮና፣ በ2014 ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ከዚያም በኋላ ተፈናቅሎ የቆየ፣ ከአገር አገር የተዘዋወረ ልጅ አለ። መሠረቱ ያመለጠው ልጅ ሲያስተምሩት ቶሎ ይይዛል። የመማር ችግር ያለበት ግን እየተማረም ይንገዳገዳል። ሁለቱን የምንለየው ልጁ የት፣ መቼና ምን ያህል እንደተማረ ስናውቅ ነው።

ልጁ የኔታ ዘንድ ወይም ቁርአን ቤት የሚሄድ ከሆነ መሪጌታውን ወይም ኡስታዙን ጠይቁ። እዚያም ፊደል የሚምታታበት ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው እዚያ ቀልጣፋ ከሆነ፣ ሁለቱም ትልቅ መረጃ ነው።

ደረጃ 2፦ ዓይንና ጆሮ፣ ከምንም በፊት

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሌላውን ሁሉ በከንቱ ይሠራል። እኔ ራሴ አንዱን ልጅ ግማሽ ዓመት ሙሉ ፊደል ሳስደጋግመው ከርሜ፣ ጆሮው ውስጥ መግል እንዳለ ያየችው ለሌላ ጉዳይ የመጣች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ልጁ «ተ»ን ከ«ቸ» የማይለየው ስለማይሰማው ነበር።

ቤት ውስጥ፦ ከልጁ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ቁሙ፣ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ይድፈን፣ ሦስት ቁጥር በሹክሹክታ በሉና ይድገም። ከዚያ ሌላውን ጆሮ። አፋችሁን እንዳያይ ከኋላ መሆናችሁ ግድ ነው፤ የማይሰማ ልጅ ከንፈር ማንበብ ይችልበታል። ለዓይን ደግሞ ግድግዳ ላይ ያለ ካሌንደር በአንድ ዓይን፣ ከዚያ በሌላው፣ ከወንድሙ ወይም ከእህቱ እኩል ርቀት ላይ ሆኖ ያንብብ። ፊደል የማይለይ ከሆነ ሥዕል ወይም የጣት ቁጥር ይጠየቅ።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የዓይን ሰሌዳው በ6 ሜትር ርቀት፣ አንድ አንድ ዓይን ተሸፍኖ ነው የሚታየው፤ ሁለቱንም ገልጦ ካነበበ ደካማው ዓይን ይደበቃል። መነጽር ወይም ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለው። እግረ መንገዳችሁን ደም ማነስና የሆድ ትላትልም ይታይለት። ቁርስ ሳይበላ የሚሄድ ከሆነ ለሐኪሙ አትደብቁ፤ የራበው ልጅ ትኩረት የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚመግል ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ክብሪት አታስገቡ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጉዳቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

የምርመራውን ውጤት፣ «ደህና ነው» ቢባልም፣ በወረቀት ተቀበሉና ክላሰር ውስጥ አስገቡ። ትምህርት ቤቱ «ዓይኑን አሳይታችሁታል?» ሲል የምታሳዩት እሱን ነው።

ደረጃ 3፦ ከክፍል ኃላፊው ጋር ተነጋገሩ

በር ላይ አትያዙት። ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት መምህሩ 50 ልጅ እያስወጣ ሌላ 50 እያስገባ ነው። ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ 20 ደቂቃ ጠይቁ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ግቡ።

አነጋገራችሁ ክስ እንዳይመስል። «ቲቸር፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ የሚያዩትንና እኔ ቤት የማየውን እናመሳክር» ስትሉ መምህሩ ከጎናችሁ ይቆማል። «ለምን አላስተማሩትም?» ካላችሁ ግን ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳል። እነዚህን ጠይቁ፦ በየትኛው ትምህርት ነው የሚቸገረው? ከሰሌዳ ሲገለብጥ ምን ያህል ይፈጅበታል? በቃል ሲጠየቅና በጽሑፍ ሲጠየቅ ልዩነት አለው? ከማን ጋር ይቀመጣል? አለመረጋጋቱ በሁሉም ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ በንባብ ሰዓት ብቻ? በንባብ ሰዓት ብቻ የሚረብሽ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከንባቡ ለመሸሽ ነው የሚረብሸው።

ሴቶች ልጆች ላይ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። ዝም ብላ የምትቀመጥ፣ ደብተሯን አሳምራ የምትገለብጥ ልጅ አምስተኛ ክፍል እስክትደርስ ማንበብ እንደማትችል ላይታወቅ ይችላል። ያሳመረችው ጽሑፍ ምን እንደሚል ጠይቋት።

ደረጃ 4፦ በጽሑፍ አመልክቱ

ከመምህሩ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ ጻፉ። የቃል ጥያቄ ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ግን ቁጥር አለው። እንዲህ ብትጽፉ ይበቃል፦

«ቀን፦ ……
ለ…… የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
ጉዳዩ፦ ልየታና ምዘና እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ
ልጄ …… በትምህርት ቤታችሁ የ…… ክፍል ተማሪ ነው። ከ…… ክፍል ጀምሮ በንባብና በጽሕፈት ይቸገራል። በቤት የመዘገብኩትን ማስታወሻ፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራ ውጤቱን እንዲሁም የካርድ ኮፒ አያይዣለሁ። በልዩ ፍላጎት መምህር ልየታና ምዘና እንዲደረግለት፣ በውጤቱም መሠረት የተናጠል የትምህርት ዕቅድ እንዲወጣለት በትሕትና እጠይቃለሁ። ምላሹ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።
የወላጅ ስም፣ ፊርማና ስልክ፦ ……»

«ልየታና ምዘና» እና «የተናጠል የትምህርት ዕቅድ» የሚሉትን ቃላት አትቀይሩ። «ልጄን እርዱልኝ» የሚል ማመልከቻ ልብ ይነካ ይሆናል እንጂ ለማን እንደሚመራ አይታወቅም፤ እነዚህ ቃላት ያሉበት ግን በቀጥታ ወደ ልዩ ፍላጎት ባለሙያ ይመራል።

በሁለት ኮፒ አዘጋጁት። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር አስመትታችሁ ያዙ። ኮፒው ላይ ማኅተም የሌለው ወላጅ ከወር በኋላ «አልደረሰንም» ቢባል የሚያሳየው የለውም።

ትምህርት ቤታችሁ የልዩ ፍላጎት መምህር ከሌለው ማመልከቻው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ፦ «በጉድኝት ማዕከሉ ወይም በአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል በኩል እንዲታይልኝ።» ጉድኝት ማለት በአንድ ላይ የተሰባሰቡ አጎራባች ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አካቶ ደግሞ ድጋፍ የሚሻውን ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ማስተማር ነው። እነዚህ ማዕከላት የሚቋቋሙት ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉትንም እንዲያገለግሉ ነው። የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆችም በከተማው ትምህርት መምሪያ በኩል ይህንኑ ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ልጁን ለምዘናው አዘጋጁ

ምዘናው እንደ ሚድ ወይም ፋይናል አይደለም፤ የሚወደቅበት ነገር የለውም። ባለሙያው ያስነብበዋል፣ ያጽፈዋል፣ ያስቆጥረዋል፣ ሥዕል ያሳየዋል፣ የሰማውን እንዲደግም ይጠይቀዋል። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎም ያየዋል። እናንተንም ስለ እርግዝናው፣ ስለ ወሊዱ፣ መቼ እንደተናገረና እንደሄደ፣ ቤተሰብ ውስጥ በልጅነቱ ማንበብ የተቸገረ ሰው ስለመኖሩ ይጠይቃችኋል። ይህን ጥያቄ እንደ ነቀፋ አትዩት። የንባብ ችግር በቤተሰብ ውስጥ ይተላለፋል፤ «እኔም እስከ ስድስተኛ ክፍል አላነበብኩም» ያለ አባት ትልቅ ፍንጭ ሰጥቷል።

ለልጁ ከዋዜማው እንዲህ በሉት፦ «ነገ አንድ መምህር አብረውህ ይጫወታሉ። የምታውቀውንም የማታውቀውንም ማየት ስለሚፈልጉ አላውቅም ማለት ይቻላል።» አታስጠኑት። ያስጠናችሁት ልጅ ያልሆነውን መስሎ ይታይና ድጋፉ ይቀርበታል። ያን ቀን በደንብ ተኝቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ መነጽር ካለው አድርጎ ይሂድ። ከሁለተኛው ቀጠሮ አትቅሩ፤ በአንድ ቀን የታየ ልጅ በደንብ አልታየም።

ደረጃ 6፦ ሆስፒታል የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እያንዳንዱ ልጅ ሆስፒታል መሄድ የለበትም። ከእነዚህ አንዱ ካለ ግን የትምህርት ቤቱን መልስ ሳትጠብቁ ሂዱ፦

• በሥራ መሃል ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ ቀርቶ፣ ሲጠሩት ሳይሰማ፣ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ከሆነ፣ በተለይም በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም። ይህ ከሐሳብ መዋጥ ጋር ይምታታል፤ ግን የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒትም አለው። በስልክ ቪዲዮ ቅዱት፤ ሐኪሙ ፊት ላይደግመው ይችላል።
• ይችል የነበረውን ነገር ካጣ፦ ንግግሩ ከቀነሰ፣ አረማመዱ ከተበላሸ።
• ንግግሩ ከእኩዮቹ በጣም ከዘገየ ወይም ሰው ሲያናግረው ዓይን ለዓይን የማይገናኝ ከሆነ።
• ከጦርነቱ ወይም ከሌላ አስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚቃዥ፣ ድምፅ ሲሰማ የሚርበደበድ ወይም ለብቻው መሆን የሚፈራ ከሆነ።
• ቤትም፣ ክፍልም፣ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አንድ ደቂቃ መቀመጥ የማይችል ከሆነ።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። የጤና መድን አባል ሆናችሁ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ወጪው ከኪሳችሁ ሊወጣ ይችላል። በሪፈር ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ትላካላችሁ፤ የሕፃናትም የአእምሮ ሕክምናም ክፍል አለው። «የአእምሮ ሕክምና» የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ፤ የትኩረትና የባሕርይ ጉዳዮች የሚታዩት እዚያ ነው። የኮምቦልቻ ወላጆች ሪፈራችሁን ከጤና ጣቢያችሁ ሳትይዙ የሐረጎን ዳገት አትውጡ፤ ያለ ወረቀት የመጣ ሰው ያንኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተመልሶ ይወርዳል። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሐኪሙ ካዘዘ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክላችሁም። ለሚጥል በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ግን በምንም ምክንያት በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። በድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። እንዲሁም ሐኪም ሳያዝዝ በራሳችሁ ገንዘብ የጭንቅላት ምርመራ አታሠሩ። ፊደል የማይለይ ልጅ ሲቲ ስካን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ «ምንም የለበትም» ተብሎ ደግሞ ድጋፍ ይከለከላል።

ደረጃ 7፦ ዕቅዱን በወረቀት ተቀበሉ

ምዘናው ሲያልቅ «እንከታተለዋለን» ተብላችሁ ብትሸኙ ገና አልጨረሳችሁም። የተናጠል ዕቅድ ማለት ልጁ አሁን የት እንዳለ፣ መቼ የት መድረስ እንዳለበት፣ ማን ምን እንደሚያደርግና መቼ እንደሚገመገም የተጻፈበት ወረቀት ነው። «ንባቡ ይሻሻላል» የሚል ግብ ግብ አይደለም። «እስከ ጥር መጨረሻ ከተበወዙ 20 ፊደሎች 16ቱን ይለያል» የሚል ግብ ግን እናንተም ቤት ውስጥ ልትለኩት የምትችሉት ነው።

ክፍል ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ እንዲገቡላችሁ የምትጠይቋቸው ነገሮች፦ የፊት ወንበር ላይ፣ ከመስኮት ርቆ መቀመጥ፤ ከሰሌዳ ለመገልበጥ ተጨማሪ ጊዜ፤ ጥያቄውን መምህሩ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት፤ የማኅበራዊና የሳይንስ ፈተና በቃል እንዲመልስ፤ ሳይዘጋጅ በክፍል ፊት እንዳያነብ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ይላል።

«ለእሱ ብቻ ከተለየ አድልዎ ነው» የሚል መምህር ካጋጠማችሁ አትጣሉ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ትምህርት ለተማሪው ፍላጎት እንዲመቻች ይጠይቃል። መነጽር ላደረገ ልጅ አድልዎ ነው የሚል እንደሌለ ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው። ዱላ ከተነሳ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። ወላጅም ዱላውን ያስቀምጥ፤ በዱላ የተለየ ፊደል እስከ ዛሬ አላየሁም።

ደረጃ 8፦ ቤት ውስጥ በቀን 15 ደቂቃ

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ቅዳሜን ሙሉ ከማስቀመጥ ይህ ይበልጣል፤ ቶሎ የሚረሳ ልጅ ቶሎ ቶሎ ማየት አለበት።

መጀመሪያ 5 ደቂቃ የካርቶን ፊደሎች፦ አራት የሚያውቃቸው፣ ሁለት አዲስ። ከሁለት በላይ አዲስ አትጨምሩ። በመልክ የሚመሳሰሉትን (ነ እና ኘ) በአንድ ቀን አታስተምሩ፤ አንዱ ሲረጋ ሌላውን አምጡ። ቀጥሎ 5 ደቂቃ ትሪ ላይ በተዘረጋ አሸዋ በጣቱ እየጻፈ ድምፁን ይበል፤ ዓይን፣ ጆሮና እጅ አብረው ሲሠሩ ይያዝለታል። በመጨረሻ እናንተ አንብቡለት፣ እሱ በጣቱ ይከተል። በዚህኛው አታርሙት፣ አትጠይቁት፤ ደስ ብሎት ይጨርስ።

ሲሳሳት «አይደለም!» ከማለት ትክክለኛውን በሉና እሱ ይድገመው። ካለቀሰ ወይም ከተነጫነጨ አቁሙ። ያን ዕለት 6 ደቂቃ ብቻ ከሆነ 6 ደቂቃ ይሁን፣ መዝግቡት።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳትባቸው

«ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ። አንዳንዱ ልጅ እውነትም ዘግይቶ ይከፈትለታል። የትኛው እንደሆነ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ አራተኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሁሉም ትምህርት በንባብ ይሆናል።

ትምህርት ቤት መቀየር። አዲሱ ትምህርት ቤት ከዜሮ ይጀምራል፤ ልጁም ጓደኞቹን ያጣል። መቀየር ግድ ከሆነ መልቀቂያው ብቻ ሳይሆን የምዘናው ውጤትና ዕቅዱም አብረው ይሂዱ።

ክፍል ማስደገም። ያንኑ ትምህርት በዚያው መንገድ ሁለተኛ ዓመት መስጠት ያንኑ ውጤት ያመጣል። ይድገም ከተባለ «ዘንድሮ ምን የተለየ ይደረግለታል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

አስጠኚ ቀጥሮ የቤት ሥራውን ማሠራት። ደብተሩ ያምራል፣ ልጁ ግን ባለበት ነው። አስጠኚ ከቀጠራችሁ ዕቅዱን ስጡት፣ ከዕቅዱ አይውጣ።

ግራኝነትን መከልከል። በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ችግር የለበትም። ቀኝ እጁን ስታስገድዱት ነው ችግር የምትፈጥሩለት።

በልጁ ፊት «ይኼ እኮ አይገባውም» እያሉ ለእንግዳ ማውራት። ቡና ላይ የተባለውን ሁሉ ይሰማል።

ደረጃ 9፦ ካልተመለሰላችሁ፣ ከተመለሰላችሁም በኋላ

ማመልከቻው ከገባ ሦስት ሳምንት ካለፈ፣ የማኅተሙን ኮፒ ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩን በአካል ጠይቁ። ቀጥሎ የጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት፣ ከዚያ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ፣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያው ዘንድ። ደረጃውን አትዝለሉ፤ መምሪያው መጀመሪያ የሚላችሁ «ትምህርት ቤቱ ምን አለ?» ነው። በየደረጃው ያነጋገራችሁትን ሰው ኃላፊነትና ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሁለት ሦስት ወላጆች ካገኛችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ አንድ ባለሙያ ለአንድ ልጅ ከሚመጣ ለአምስት ልጅ ቶሎ ይመጣል።

ዕቅዱ ከወጣ በኋላ በየሁለት ወሩ ከመምህሩ ጋር ተቀመጡና በደረጃ 1 ያደረጋችኋቸውን አራት ሙከራዎች ድገሙ። በስልክ የቀዳችሁትን የመጀመሪያ ንባብና የአሁኑን አከታትላችሁ አሰሙ። ምንም ለውጥ ከሌለ ዕቅዱ ይቀየር፤ ልጁ አልሞከረም ማለት አይደለም። ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ካለ ስለ ክልል ፈተናው ተጨማሪ ጊዜ ወይም አንባቢ መጠየቅ ያለባችሁ ምዝገባው ሲጀመር ነው፤ የፈተናው ሳምንት ላይ የሚደረግ ነገር አይኖርም።

ሰኔ ላይ ካርድ ስትቀበሉ የዕቅዱንና የምዘናውን ማኅተም ያለበት ኮፒ አብራችሁ ውሰዱ። ክረምት ከገባ መዝገብ ቤቱን የሚከፍት ሰው አታገኙም፤ መስከረም ላይ ደግሞ መምህሩ ሌላ ይሆናል።